የኋለኛው መጽሐፍ ዕዳ፦ ከ«ዴርቶጋዳ» በኋላ የሚሰማው የአንባቢ ቅሬታ

በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን ስለ ደራሲው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ድርሰቱም እንዲሁ። ስለ አንባቢው ግን የተባለው ጥቂት ነው። አንባቢን የምናነሣው አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉ መወደዱን ለመመስከር፣ አለዚያም መወደዱን እንደ ጥርጣሬ ምልክት ለመቁጠር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው አንድ የተወሰነ የአንባቢ ምላሽ ነው፤ ይኸውም በተከታታይ የሚወጣ የምናብ ልቦለድ ኋለኛ መጽሐፍ የሚገጥመው ቅሬታ ነው። መነሻ የሚሆኑን የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» እና እሱን የተከተለው «ራማቶሓራ» ናቸው።

«ዴርቶጋዳ» በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወጥቶ በተደጋጋሚ የታተመ ሥራ ነው። የጣናን ገዳማት፣ የውጭ አገር ሰላዮችንና በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም የሚሠራን ኢትዮጵያዊ ሊቅ በአንድ ሴራ አስተሳስሯል። ልቦለድ አንብቦ የማያውቀውን ወጣት ሳይቀር እንዳስነበበ ማንም መምህር ያውቃል። በየካ ክፍለ ከተማ በኮተቤ አካባቢ ከሚማሩ ወጣቶች ጋር ስለነዚህ መጻሕፍት ሲነሣ ሦስት ቅሬታዎች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው፣ ተከታዩ «ተንዛዛ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ይኼ እንኳ አይመስልም» የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ «አላለቀም» ወይም «እንዲህ ማለቅ አልነበረበትም» የሚል ነው።

ከሦስቱ ይበልጥ የሚያነጋግረው ሁለተኛው ነው። እውነት በመምሰል ረገድ ከተመዘነ የመጀመሪያው መጽሐፍ ከተከታዩ የሚሻልበት ምክንያት የለም። በገዳም ጥላ ሥር የተሰወረን የዘመናዊ ሳይንስ ምሥጢር ያለ ማንገራገር የተቀበለ አንባቢ፣ በሚቀጥለው መጽሐፍ «አይመስልም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጀርመናዊው የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ሃንስ ሮበርት ያውስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚቀርበው ቀደም ሲል ካነበባቸው የተገነባ የሚጠብቀው ነገር አድማስ ይዞ ነው። በተከታታይ ልቦለድ ይህን አድማስ የሚሠራው በዋነኛነት ራሱ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። «ዴርቶጋዳ» የሠራው አድማስ የመሰወር ነው። ደሃ በሆነችው አገር ውስጥ ያልታየ ኃይል አለ ይላል፤ ያልታየ በመሆኑም አንባቢው መለኪያ አያወጣለትም። ተከታዩ መጽሐፍ ግን የተሰወረውን የማውጣት ግዴታ አለበት። የወጣ ነገር ደግሞ ይለካል። ስለዚህ «አይመስልም» የሚለው ፍርድ ምሥጢር ሲገለጥ የሚፈጠረውን የመጠን ለውጥ የሚጠቁም እንጂ የእውነታ ክርክር አይደለም ለማለት ይቻላል።

ነገሩን በቅርባችን ባለ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በየካ ተራራ ላይ የሚገኘው ዋሻ ሚካኤል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዘመኑ ሊቃውንትን ያከራክራል። ጣራው ስለፈረሰ ፀሐይ ውስጡ ድረስ ይገባል። ስለ ተሰወረ የአለት ቤተ መቅደስ ሲወራ የሰማ ሰው የሚያስበውና እዚያ ቆሞ የመሮውን ፈለግ የሚያይ ሰው የሚያስበው አንድ አይደለም። ሁለተኛው ሰው አድናቆቱን አልተቀማም፤ አድናቆቱ ግን ወደ ጥያቄ ተለውጧል። ማን ፈለፈለው? በምን መሣሪያ? ስንት ዓመት ፈጀ? ኋለኛው መጽሐፍ የሚወድቀው እነዚህን ጥያቄዎች ለሚያነሣ አንባቢ አሁንም የመጀመሪያውን ዓይነት አግራሞት ደርቦ ሲያቀርብለት ነው። አንባቢው «ተንዛዛ» የሚለውም ይህንኑ ይመስለኛል፤ የሰለቸው የገጹ ብዛት ሳይሆን የአግራሞቱ አለመለወጥ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ፣ የፍጻሜው ጉዳይ፣ ከዚህ ይከብዳል። የብርሃኑ ዘርይሁን «ማዕበል» ባለ ሦስት ክፍል ልቦለድ ነው፤ «የአብዮት ዋዜማ»፣ «የአብዮት መባቻ» እና «የአብዮት ማግስት» ይባላሉ። የዚያ ዘመን አንባቢ ሦስተኛውን ሲያነብ መለኪያው በእጁ ነበር፤ ማግስቱን ራሱ እየኖረው ነበርና። የምናብ ልቦለድ አንባቢ ግን እንዲህ ያለ መለኪያ የለውም። ያለው የተሰጠው ተስፋ ብቻ ነው። «ዴርቶጋዳ» የሰጠው ተስፋ ደግሞ የአንድ ገጸ ባሕርይ ዕጣ ሳይሆን የአገር ትንሣኤ ነው። ይህን ዕዳ የትኛውም የመጨረሻ ምዕራፍ ከፍሎ አይጨርሰውም። አንባቢው «አላለቀም» ሲል ስለ መጽሐፉ የተናገረ ይመስለዋል፤ በከፊል ግን የሚናገረው ከመጽሐፉ ውጭ ስላለው ነገር ነው።

በሌላው ዓለም የታየውም ይህን ያጠናክራል። የጄ. አር. አር. ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» በአንድነት የተጻፈ ሥራ ሲሆን በአሳታሚው ውሳኔ ተከፍሎ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 በሦስት መጽሐፍ ወጣ። በመጨረሻው መጽሐፍ ክፉው ኃይል ከጠፋ በኋላ ጀግኖቹ ሲመለሱ መንደራቸውን ተጎሳቁላ ያገኟታል፤ ቀለበቱን የተሸከመው ፍሮዶም ቁስሉ አልሽር ብሎት በቀዬው መኖር ይሳነዋል። በፊሊፕ ፑልማን ሦስተኛ መጽሐፍ (2000 እ.ኤ.አ.) ሁለቱ ወጣት ፍቅረኞች በየዓለማቸው ለዘላለም ይለያያሉ። መጽሐፉ ግን ለ2001 የእንግሊዝን የዊትብሬድ የዓመቱ መጽሐፍ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው የልጆች ሥራ ሆነ። በአንጻሩ ቬሮኒካ ሮት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሦስተኛ መጽሐፍ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ በመግደሏ ብዙ አንባቢ ተቆጣ፤ የተሟገተላትም ነበር። ሦስቱም አሳዛኝ ፍጻሜዎች ናቸው። ስለዚህ አንባቢን የሚያስቀይመው ሐዘን ብቻ ነው ማለት አይቻልም። አንባቢው የሚጠይቀው የተከፈለው ዋጋ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ ሲጠራቀም የመጣ መሆኑን ነው።

ወደ እኛው ስንመለስ የንባቡ አካባቢ ራሱ ተለውጧል። «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ ኢትዮጵያዊ የጠፈር ሳይንስ ለብዙው ወጣት ሕልም ብቻ ነበር። ዛሬ በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ለመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም የመቆጣጠሪያ ጣቢያው የተሠራው እዚያው እንጦጦ ነው። ሰባ ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን፣ በውጭ አገር እርዳታ የተሠራች ሳተላይት ከልቦለዱ ምሥጢር ጋር ስትነጻጸር ታንሳለች። ነገር ግን እውነተኛ ዕውቀት በሥልጠናና በትብብር ቀስ እያለ የሚሠራ መሆኑን ታሳያለች። እንጦጦን እያየ የሚያነብ ተማሪ በአንድ ሌሊት ለሚገለጥ ኃይል እንደ ቀድሞው አይደነቅም። የድካሙን ታሪክ ይፈልጋል። ገና የሚጻፍ የዚህ ዘውግ ልቦለድ ይህን አንባቢ ማሰብ ይኖርበታል።

ከሐያሲው የሚጠበቀውስ ምንድን ነው? ሁለት ዓይነት ቅሬታን መለየት ነው። አንደኛው ከአጻጻፍ ጉድለት የሚመነጭ ነው፦ ያልተዘጋጀ ሞት፣ የተረሳ ገጸ ባሕርይ፣ የማይለወጥ አግራሞት። ይህ በደራሲው ላይ ሊቆጠር ይገባዋል። ሁለተኛው አንባቢው አገሩ ያልሰጠችውን ከመጽሐፍ በመጠየቁ የሚመጣ ነው፤ ይህን በደራሲው ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ሁለቱን ቀላቅሎ «ተራ የገበያ ልቦለድ ነው» ብሎ ማለፍ ግን ከሁሉ የከፋው ነው። እኛ ዘንድ የሚማሩት ነገ በየትምህርት ቤቱ አማርኛ የሚያስተምሩ ናቸው። በወደዱት መጽሐፍ እንዲያፍሩ ካስተማርናቸው እነሱም ማፈርን ያስተምራሉ። ለምን እንደወደዱትና ተከታዩ ለምን እንዳስቀየማቸው ጽፈው እንዲተነትኑ ካደረግን ግን ሂስ የሚጀምረው ከዚያው ነው። «አይመስልም» የሚለውን ቃል ተማሪው ራሱ «ምን አይመስልም? ከየትኛው ገጽ ጀምሮ?» ብሎ እንዲጠይቅበት ማድረግ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው።