‹‹የከተማዋ ነዋሪዎች›› በዜና፦ የአምቦና የምዕራብ ሸዋ መራጮች አቀራረብ

የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ዜና የመራጩን ስሜት የሚያሳይበት ዋና ስልት የነዋሪዎች አስተያየት ነው፤ ይኸውም ጋዜጠኛው በመንገድ ወይም በስብሰባ መውጫ ላይ ያገኛቸውን ሰዎች አጭር ንግግር ከዘገባው ጋር የሚያያይዝበት ክፍል ነው። ይህ ስልት ለተራው ዜጋ ድምፅ ይሰጣል እየተባለ ሲወደስ ቢኖርም፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪና በጌዶ መራጮች አቀራረብ ሲፈተሽ ውዳሴው የሚገባው ሆኖ አይገኝም።

በአማርኛ የዜና እወጃ አንድ የጉደር ነዋሪ በአፋን ኦሮሞ መናገር ሲጀምር የሚሰማው የመጀመሪያው ሐረግ ብቻ ነው፤ ወዲያው ድምፁ ዝቅ ተደርጎ የዘጋቢው ትርጉም ይደረብበታል፤ ከዚያ በኋላ የተናጋሪው ማመንታትም ሆነ ድጋፉን የገደበበት ‹‹ነገር ግን›› ለአድማጭ የሚደርስበት መንገድ የለም። ጥያቄው ተቆርጦ ስለሚወጣም መልሱ ለምን እንደተሰጠ አይታወቅም። ሽማግሌ፣ ወጣትና እናት ተራ በተራ ይቀርባሉ፤ በዕድሜና በጾታ ቢለያዩም በሐሳብ ግን አንድ ናቸው። የገጽታ ልዩነት የአቋምን ልዩነት እንዲተካ ማድረግ የሙያ ስንፍና ነው።

ከባሕር ማዶ የሚሰራጩት ፕሮግራሞች በአንጻሩ ‹‹ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁ ነዋሪ›› የሚለውን ልማድ ይዘዋል። ሰው በተናገረው በሚታሰርበት ጊዜ ይህ ጥንቃቄ ግድ መሆኑ አያከራክርም፤ ሆኖም የአንድ ስም የለሽ ሰው ሐሳብ ያለ ማነጻጸሪያ ሲተላለፍ የከተማው ሁሉ ሐሳብ መስሎ ይሰማል። ከሚያዝያ 2006 እና ከኅዳር 2008 ተቃውሞዎች ወዲህ አምቦ የተቃውሞ ከተማ ተብላ መታወቋ ይህን ግምት ያጠናክረዋል።

በየካቲት 15 ቀን 2012 በአምቦ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን ለመደገፍ የተጠራው ሰልፍ ለዜና ሰዎች ብርቅ አጋጣሚ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያች ከተማ ደጋፊና ተቃዋሚ ጎን ለጎን እንደሚኖሩ በአደባባይ የታየበት ቀን ነው። በሰልፉ ላይ በደረሰው ፍንዳታ ሰዎች ስለ ቆሰሉ ዜናው በጥቃቱ ዙሪያ መቆየቱ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጎረቤት ከጎረቤት በምን እንደሚለያይ መጠየቅ ይገባ ነበር።

በሰኔ 2013 ምርጫ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስና የኦሮሞ ነፃነት ግንባር ባለመወዳደራቸው የድምፅ ውጤቱ ራሱ የመራጩን ልዩነት ሊያሳይ አልቻለም። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 የአየር ሰዓት ለፓርቲዎች በፍትሐዊነት እንዲደርስ ያዛል እንጂ የመራጩ አለመግባባት እንዴት እንደሚደመጥ አይናገርም፤ ፓርቲዎቹ ከውድድር ሲወጡ ደጋፊዎቻቸውም አብረው ከዜናው ይወጣሉ። ለአቋሙ ብዙ ዋጋ የከፈለ ሕዝብ ይህ አይገባውም። ስለዚህ የዜና ክፍሎች ጥያቄውን ከመልሱ ጋር ያሰሙ፤ የተናጋሪውንም ቃል ሳይሸፍኑ በጽሑፍ ይተርጉሙ፤ በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ፣ የማይስማሙ ሁለት ሰዎችንም በአንድ ዘገባ ያቅርቡ።