የሕዝብ መልስ በሕፃናት አፍ

ተሰጥዎ የሚባለው፣ ማለትም በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ ወይም ዲያቆኑ ለሚያሰማው ቃል ሕዝቡ የሚመልሰው መልስ፣ ለሕፃናት በሚሰጠው ትምህርተ ክርስቶስ ብዙውን ጊዜ በቃል ጥናት ብቻ ስለሚታለፍ፣ ልጆች ለማን ምን እንደሚመልሱ ሳያውቁ ለመጀመሪያ ቁርባን ይደርሳሉ። ይህም እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ ከምእመናን ከሚጠብቀው ተሳትፎ፣ ማለትም እያስተዋሉ ከመሳተፍ፣ በእጅጉ የራቀ ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለዚህ ትምህርት ሳይታሰብ የተዘጋጀ መሠረት አለ። በአሶሳና በዙሪያዋ የበርታ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ፣ የካቶሊክ ቤተ ሰብ ልጅ ገና ቅዳሴ ሳይለምድ የ«አሰላሙ ዓለይኩም»ን መልስ ከገበያና ከጎረቤት ይሰማል፤ ሰላምታን ሳይመልሱ ማለፍ ነውር መሆኑንም ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው ያውቃል። መምህሩ ከዚህ ቢነሣ፣ ካህኑ «ሰላም ለኩልክሙ» ሲል ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ»፣ ማለትም «ከመንፈስህ ጋር» ብሎ የሚመልሰው ሰላሙን ተቀብሎ ዝም ማለት ስለማይገባ እንደሆነ፣ መልሱም ካህኑ በክህነቱ የተቀበለውን መንፈስ የሚመለከት እንደሆነ ለማስረዳት አይቸገርም።

ለልጅ ከባዱ እንግዳ የሆነው መልስ ሳይሆን የለመደው ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» በየማለዳው «እንደምን አደርክ» ለሚል ሁሉ የሚሰጥ መልስ ስለሆነ፣ ከንባብ በኋላ ለተሰማው ቃል ምስጋና ሆኖ ሲቀርብ በልጁ አፍ ሳይታሰብ ያልፋል። እዚህ ላይ ማብራሪያ ከማብዛት ይልቅ መፈተን ይሻላል፦ መምህሩ የአንባቢውን መዝጊያ ትቶ ድንገት ሌላ ዓረፍተ ነገር ሲያሰማ ልጆቹ የለመዱትን በአንድ ድምፅ ከመለሱ፣ መልሱ ከጥሪው ተለያይቷል ማለት ነው፤ ሣቁ ካለፈ በኋላ ጥሪውና መልሱ አንድ ላይ ይጠናሉ፣ በመካከላቸውም ጥቂት ዝምታ ይገባል።

በዚያው ክልል በመተከል ዞን፣ የኮምቦኒ ሚሲዮናውያን በሚያገለግሉበት በግልገል በለስ አካባቢ፣ በቤቱ ጉሙዝኛ የሚናገር ልጅ አማርኛው ራሱ የትምህርት ቤት ቋንቋው ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ትርጉሙን በአፍ መፍቻ ቋንቋው አስቀድሞ ሳያስረዱ መልሱን በአማርኛ ወይም በግዕዝ ማስጠናት ጉዞውን ከኋላ መጀመር ነው።

«አሜን» አጭር በመሆኑ መጀመሪያ ይጠናል፤ የሚመከረው ግን ትርጉሙን በመጨረሻ ማስተማር ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ካህኑ ጸሎተ ምስጋናውን ሲፈጽም ሕዝቡ ሁሉ በ«አሜን» እንደሚያጸድቅ ይገልጻል፤ ልጅ ያልተከታተለውን ጸሎት ሊያጸድቅ ስለማይችል፣ ጸሎቱ ቀደም ብሎ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተነበበና እየተብራራ መሄድ ይኖርበታል።