ጥርስ የሚወጣው በዲግሪ ነው

የኤም 10 ታፕ፣ ማለትም የብሎን ጥርስ ማውጫ፣ ብረት ውስጥ ገብቶ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.5 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ከዚህ የበዛም ያነሰም መንገድ የለውም። በእጅ ጥርስ የሚያወጣ ባለሙያ ይህን ማስላት አያስፈልገውም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጥርሶች ቀጥ አድርጎ ካስያዘ በኋላ ታፑ ራሱን እየጎተተ ይገባል፤ የእጁ ድርሻ ማዞር ነው። ቶርኖ ላይ ደግሞ ማርሾቹ ማንድሪኖውን ከመሪ ብሎኑ ጋር አስረውታል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌይ እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ ካሟላው የጥርስ ማውጫ ቶርኖ ጀምሮ ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ማንድሪኖው ቢፈጥን ቢላውም ይፈጥናል፣ ቢቆም አብሮት ይቆማል። በኮምፒውተር በሚታዘዝ ሲኤንሲ ማሽን ላይ ግን ታፑን የሚያዞረውን ስፒንድል አንድ ሞተር፣ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የዜድ ዘንግ ሌላ ሞተር ያንቀሳቅሳቸዋል፤ በመካከላቸው የሚያስተሳስራቸው ብረት የለም። የጠፋውን ብረት ምን ይተካው? ብዙዎች ፍጥነትን በማመጣጠን የሚተካ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ከተለካ ማዕዘን ሌላ የሚተካው የለም እላለሁ።

ፍጥነትን ማመጣጠን ማለት ይህ ነው፦ ስፒንድሉ በደቂቃ 500 ጊዜ እንዲዞር ይታዘዛል፣ 500 በ1.5 ሲባዛ 750 ስለሚሆን ዜድ በደቂቃ 750 ሚሊሜትር እንዲወርድ ይታዘዛል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ችግሩ የታዘዘውና የሆነው መለያየታቸው ላይ ነው። በኢንቨርተር የሚሠራ ተራ ሞተር ብረቱ ሲከብደው ይዘገያል። 500 የተባለው 490 ቢሆን፣ ዜድ 20 ሚሊሜትር ሲወርድ ታፑ የዞረው ለ19.6 ሚሊሜትር የሚበቃውን ብቻ ነው። የቀረው 0.4 ሚሊሜትር ከአንድ ጥርስ ሩብ ይበልጣል፤ ያን ያህል ታፑ ወደ ታች ይገፋል ማለት ነው። ይህ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ከቀዳዳው ግርጌ ይመጣል። ስፒንድሉ ከ500 ዙር ተነሥቶ እስኪቆም ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በዚያ ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በጥርስ ሲቆጠር 3 ሚሊሜትር ያህል ነው። ዜድ ግን ቀላል ስለሆነ ቀድሞ ቆሟል። መሄጃ የሌለው ታፕ ወይ ጥርሱን ይልጠዋል ወይ ራሱ ይሰበራል፤ ተሰብሮ የቀረውን ታፕ ደግሞ ተራ ፑንታ አይበሳውም፣ እሱም እንደ ፑንታው የጠነከረ ነውና።

ባሕር ዳር እንቅስቃሴን በማዕዘን ለማስተሳሰር ሐሳብ እንግዳ አይደለችም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መኖሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊቴክኒክም የብረት ሥራንና ጨርቃ ጨርቅን በአንድ ግቢ ያስተምር ነበር። የሽመና ማሽን የሚያስተካክል መካኒክ ድሩ የሚከፈትበትን፣ መወርወሪያው የሚላክበትን፣ ማጉ የሚመታበትን ቅጽበት በሰከንድ አይናገርም፤ በዋናው ዘንግ ዲግሪ ነው የሚናገረው። ማሽኑ ቢፈጥንም ቢዘገይም ቅደም ተከተሉ እንዳይፋለስ የሚያደርገው ይኸው ነው። የእጅ ሸማኔም ያው ነው፤ እግሩ ድሩን ሳይከፍት እጁ መወርወሪያውን አይሰድም። ጥርስ ማውጣትም ከዚህ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም፤ ዜድ ሰዓት ሳይቆጥር ስፒንድሉን እያየ ይውረድ። በእኔ እምነት የሲኤንሲ ትምህርት ከትእዛዝ ኮዶች ይልቅ ከሽመና ማሽኑ ቢጀመር ተማሪው ነገሩን ቶሎ ይጨብጠዋል።

ስፒንድሉን ማየት የሚቻለው የዞረበትን ማዕዘን በሚለካው በኢንኮደር ነው። በዙር 1024 መስመር ያለው ኢንኮደር 4096 ምልክት ይሰጣል፤ በ1.5 ሚሊሜትር ጥርስ ላይ አንዱ ምልክት ከግማሽ ማይክሮን ያነሰ ነው። ስለዚህ የረቀቀ ኢንኮደር ፍለጋ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ ጉዳዩ የተገጠመበት ቦታ ነው። ኢንኮደሩ ሞተሩ ላይ ሆኖ በሞተሩና በስፒንድሉ መካከል የምትንሸራተት ቺንጊያ ካለች፣ የሚለካው ሞተሩን እንጂ ታፑን አይደለም። ትልልቆቹ መቆጣጠሪያዎች ስፒንድሉን ራሱን እንደ አንድ ዘንግ ይዘው ሁለቱን በአንድነት ያዝዟቸዋል። ቀለል ያሉት ደግሞ ስፒንድሉን እንደፈለገ ያዞሩትና ዜድን ያስከትሉታል። ሁለቱም መንገዶች ያስኬዳሉ፤ ሁለቱም የቆሙት በማዕዘን ላይ ነውና።

ባለሞላ የታፕ መያዣ እያለ ለኢንኮደር ለምን ይለፋል የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ጠንካራ ነው፤ ሞላው ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚሰጥ ታፑ እንደ እጅ ሥራው ራሱን እየጎተተ እንዲገባ ይፈቅድለታል። ማዕዘን መለካት ለማይችል ማሽን ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም፣ ኢንኮደር ባለውም ላይ ትንሽ የሚሰጥ መያዣ ታፑን ያሳርፈዋል። ነገር ግን ሞላው ስሕተቱን ይሸከመዋል እንጂ አያጠፋውም። ያ 3 ሚሊሜትር አሁንም አለ፤ ቀዳዳው ማዶ ለማዶ ከሆነ ምንም አይደለም፣ መውጫ የሌለው ከሆነ ግን ታፑ ከግርጌው ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ዘመናዊ ማሽን ይህን ሁሉ ራሱ ይሠራዋል የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ መብራት እስኪጠፋ ድረስ እውነት ነው። በእኛ ሁኔታ ይህን ከስሌት ማውጣት አይቻልም። መብራት ሲሄድ ከባዱ ስፒንድል በጉልበቱ ጥቂት ይዞራል፣ ዜድ ግን ፍሬኑ ይዞት ይቆማል፤ የታፑ መጨረሻ ከላይ እንዳየነው ነው። ኮምፒውተሩን ብቻ በባትሪ ማኖር ታፑን አያድነውም። ዜድን ከስፒንድሉ በሚያስከትል ማሽን ላይ ግን ኢንኮደሩ፣ መቆጣጠሪያውና የዜድ ሞተር ኃይል ካገኙና መቆጣጠሪያው ለዚህ ከተዘጋጀ፣ ዜድ በጉልበቱ የሚዞረውን ስፒንድል እየተከተለ በሰላም ይቆማል። ለስፒንድሉ ሞተር ባትሪ አያስፈልግም። በፍጥነት ብቻ የተመጣጠነ ማሽን ይህን ፈጽሞ ሊያደርግ አይችልም፣ የሚከተለው የለውምና።

እንግዲህ በባሕር ዳር በሹም አቦም ሆነ በሌላ ሰፈር ያገለገለ ማሽን ለመግዛት የምታስቡ፣ ስለ ሞተሩ ኃይል ከመጠየቃችሁ በፊት የስፒንድሉን ሽፋን አስከፍቱና ኢንኮደሩ የት እንደተገጠመ በዓይናችሁ እዩ። ከሌለ ባለሞላውን መያዣ ከዋጋው ጋር ደምሩት፣ መውጫ ለሌላቸው ቀዳዳዎችም የእጅ ታፑን አትጣሉ።