«ሰምና ወርቅ»፣ ኬላውና ዝምተኛው ተማሪ

ስለ ኢትዮጵያ ከተጻፉት የሶሲዮሎጂ መጻሕፍት መካከል የዶናልድ ሌቪንን «ሰምና ወርቅ» ያህል ስማቸው የሚነሣ ጥቂቶች ናቸው። መጽሐፉ የታተመው በ1965 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አሜሪካዊው ደራሲ መንዝ ድረስ ዘልቆ ከገበሬው ጋር ተቀምጧል፤ አማርኛም ተምሯል። ይህን ትጋቱን ማንም ሊነፍገው አይገባም። ሆኖም መጽሐፉን ለተማሪዎቹ የሚያስተዋውቅ መምህር አንድ ጥያቄ ሳያነሣ ማለፍ የለበትም፤ ይኸውም የሰው ጠባይ ምንጩ ከወዴት ነው የሚለው ነው።

ሌቪን ከቅኔ ቤት የተገኘውን የሰምና ወርቅ ዘዴ ወስዶ የአማራውን አነጋገር፣ ከዚያም አልፎ አኗኗሩን የሚከፍት ቁልፍ አደረገው። ግልጽ ቃል የሚሻው ዘመናዊ ሥራ ከዚህ ልማድ ጋር እንደሚጋጭም አተተ። እርግጥ ነው፣ ኅብር ያለው አነጋገር ባለሥልጣንን ለመንቀፍ እንደሚያገለግል ሳይጠቅስ አላለፈም። የመጽሐፉ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ በሩን ከፈተ እንጂ ወደ ውስጥ ብዙ አልዘለቀም። ገበሬው በጭቃ ሹምና በዳኛ ፊት ቃሉን የሚሸፍነው ባህሉ ስለሆነ ነው ወይስ ግልጽ ቃል ዋጋ ስለሚያስከፍለው?

ጥያቄው ለትምህርቱ አዲስ አይደለም። በፈረንሳይ አገር ሶሲዮሎጂ ዩኒቨርሲቲ የገባው በመምህራን በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኤሚል ዱርኬም በ1887 ቦርዶ ሲሾም ሥራው ማኅበራዊ ሳይንስንና ፔዳጎጂን አጣምሮ ማስተማር ነበር። በ1895 ባወጣው የዘዴ መጽሐፍም ማኅበራዊ ነገር በሌላ ማኅበራዊ ነገር እንጂ በግለሰብ ባሕርይ ሊገለጽ እንደማይገባ ደነገገ። ትምህርቱ ከፍልስፍናና ከሥነ ልቡና ተለይቶ ራሱን እንዲችል የረዳው ይህ ደንብ ነው።

እዚህ ጅቡቲ ከተማ ደንቡን ለመፈተን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የፈረንሳይ አስተዳደር ከ1966 ሁከት በኋላ ከተማይቱን በሽቦ አጥር አጠራት፤ መግቢያዋንም በኬላ ተቆጣጠረ። ባልባላ የበቀለችው ከዚያ አጥር ውጭ ነው። በኬላው ፊት የቆመ ሰው «ከየት መጣህ?» ሲባል ቃሉን ቢያድበሰብስ፣ ሶማሌም ይሁን አፋር ወይም ኢትዮጵያዊ፣ ምክንያቱን በወገኑ ጠባይ ውስጥ የሚፈልግ ተመራማሪ ኬላውን ሳያይ ያልፋል። የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ በ2006 ተቋቁሟል። ከተማይቱን የሚያጠኑ ልጆችዋ ጥናታቸውን ከኬላው ቢጀምሩ መልካም ነው።

ለሌቪን ፍርድ ስንሰጥ ሚዛናችን እንዳያደላ፣ በ1974 ያሳተመውን «ታላቋ ኢትዮጵያ»ንም ማንበብ ይገባል። በዚያ መጽሐፍ ዓይኑን ከአንድ ሕዝብ ጠባይ አንሥቶ በሕዝቦች ግንኙነት ላይ አሳርፏል። ራሱን የሚያርም ምሁር ለተማሪ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ነገሩ ለእኛ ለመምህራን የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። በቤቱ አፋርኛ፣ ሶማልኛ ወይም አማርኛ የሚናገር ልጅ በክፍል ውስጥ በፈረንሳይኛ ሲጠየቅ ዝም ይላል። እኛም «ፈሪ ነው»፣ ሲብስም «ሰነፍ ነው» ብለን እንመዘግባለን። ይህን ስናደርግ በመጽሐፉ ላይ የነቀፍነውን ስሕተት በአንድ ሕፃን ላይ መድገማችን ነው። እስቲ ያንኑ ጥያቄ አስቀድመን በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ ካልቻልንም በጓደኛው አስተርጓሚነት እንጠይቀው። ከመለሰልን፣ መታረም ያለበት የልጁ ጠባይ ሳይሆን መዝገባችን ነው።