ያገለገለ

አማርኛ አንዳንዴ ከእኛ ከተናጋሪዎቹ ይልቅ ጨዋ ነው። ሌላ ሰው እጅ የቆየን ዕቃ «ያገለገለ» እንለዋለን። ቃሉን እስቲ ቀስ ብላችሁ አጣጥሙት። ጡረታ የወጣ መምህር፣ ደጀ ሰላም ያረጀ ቄስ፣ ድንበር ሲጠብቅ የኖረ ወታደር የሚመሰገንበት ቃል ነው። «አገሩን ያገለገለ» ሲባል ከመቀመጫችን ብድግ እንላለን። «ያገለገለ ፍሪጅ» ስንል ግን ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃችን ዝቅ ይላል። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር ነበር፤ አንድ ቃል ከሰው ወደ ዕቃ ሲሻገር የሚደርስበትን ተከታተሉ፣ የተናጋሪውን ጠባይ ታገኙበታላችሁ። ዛሬ ይህንኑ በአንድ ተራ ዕቃ ላይ ልሞክረው፤ በጓሮ ሥጋ መጥበሻ ላይ።

ቦሌ ቡልቡላን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ትናንት የእርሻ መሬት የነበረው ሰፈር ዛሬ ቪላ በቪላ፣ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በውስጥ ለውስጥ መንገዶቹ ብታልፉ ከአጥሩ በላይ ጭስ ይወጣል። ድሮ ጥብስ የማጀት ሥራ ነበር። አሁን ወደ ጓሮ ወጣ፤ ከወጣ በኋላም ጠባሹ ተለወጠ። ዕድሜ ልኩን ሽንኩርት ልጦ የማያውቅ አባወራ ሽርጥ ታጥቆ፣ መቆንጠጫ ይዞ፣ ጭስ ዓይኑን እያቃጠለው ፍርግርጉ ላይ ያፈጣል። መልካም ነው፤ ወንዱንም እሳት ዳር ማየት ደስ ይላል።

መጥበሻው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከውጭ የመጣ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ጎማ እግር፣ አብዛኛውን ጊዜ ላሜራው ስስ የሆነ። ሁለተኛው ባለ ሁለት መቶ ሊትሩ በርሜል በቁመቱ ተሰንጥቆ፣ ማጠፊያ ተበይዶለት፣ በአንግላሬ እግር የቆመ፣ ፍርግርጉ ከፌሮ የተሠራ የአገር ልጅ። ሁለቱም ክረምት ላይ ይፈተናሉ። ሐምሌ ዝናብ ነው፤ ነሐሴ ሲብት ፍልሰታ ይገባል፤ መጥበሻው ያለፈውን ግብዣ አመድ እንደታቀፈ ጓሮ ተገትሮ ይቀራል። አመድ ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ እርጥብ አመድ ብረት ይበላል። መስከረም ጠብቶ ክዳኑ ሲከፈት የስሱ መጥበሻ ታች ወንፊት ሆኗል። በማግስቱ «ቁራሌው!» የሚል ጥሪ በበሩ ሲያልፍ የቤቱ ሠራተኛ ትላካለች። ባለቤቱ ራሱ አይወጣም። ያገለገለ ነገር መሸጥም እንደ መግዛቱ ያሳፍራላ!

ቁራሌው ዕቃውን ይዞ የሚገባበት ትልቁ ደጅ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ነው። የጥሪውን ነገር ካነሳን፣ «ቁራሌው» የሚለው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ተቆራርጦ የቀረ ነው ይባላል። ምናለሽ ተራም ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ «ምን አለሽ?» በዚያ ሰፈር ምን ጣልሽ፣ ምን ተበላሸብሽ ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ያለሽ ነገር ነው። በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ የዘይት ቆርቆሮ ፋኖስ ይሆናል፣ የተጣለ ላሜራ የከሰል ማንደጃ ወገብ ይሆናል። ከተማችን በየዕለቱ «የለም» ብላ የምታወጣውን «አለ» ብሎ የሚቀበል ሰፈር ነው።

ታዲያ ከዚያ ያገለገለ መጥበሻ ለመግዛት የወጣ ሰው ማንበብ አለበት። አዲስ ለመግዛት ገንዘብ ይበቃል፤ ሣጥኑ ላይ ሁሉም ተጽፏል። አሮጌውን ግን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ። መጀመሪያ አዲስ ጥቁር ቀለም ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ አንዳንዱ ነጋዴ ዝገቱን ሳይነካ ቀለም ያለብሰዋል። ስታንኳኩት ድምፁ ድፍን ነው ወይስ እንደ ደረቅ ቅል ይንኳኳል? ታችኛውን፣ አመድ የሚተኛበትን ቦታ በካቻቪቴ ጫፍ ጫን በሉት። ላይ ላዩን ያለ ዝገት በብሩሽ ይለቃል፤ ካቻቪቴው ከሰመጠ ግን ብረቱ ተበልቷል። ማጠፊያውን ክፈቱ ዝጉ። የብየዳውን መስመር በጣት ተከተሉ፤ ችኩል በያጅና የተረጋጋ በያጅ እዚያ ላይ ይለያሉ።

ከውበቱ በፊት የጤናው ጉዳይ አለ። በርሜሉ ቀድሞ ምን ይዞ ነበር? የምግብ ዘይት ከሆነ መልካም፤ ኬሚካል ወይም ፀረ ተባይ ከሆነ፣ ወይም ሻጩ መልስ ከሌለው፣ ትታችሁ ሂዱ። ዚንክ የለበሰ ላሜራ፣ የጣራ ቆርቆሮው ዓይነት፣ እሳት ላይ መዋል የለበትም። ዚንኩ በኃይለኛ ሙቀት የሚያወጣው ጭስ ሰው ያሳምማል፤ በያጆች በደንብ ያውቁታል።

የተመረጠው ዕቃ ቤት ሲገባ እድሳቱ ይጀመራል። በመጀመሪያ ባዶውን ኃይለኛ እሳት ይነደድበታል፤ የከረመው ስብና ቆሻሻ ተቃጥሎ ይረግፋል። ከቀዘቀዘ በኋላ በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል። የብሩሹ ሽቦ ተሰብሮ ፍርግርጉ ላይ ሊቀር፣ ከሥጋው ጋርም ሊዋጥ ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ደህና አድርጎ መጥረግ ያስፈልጋል። የተበላው ቦታ ተቆርጦ በደህና ላሜራ ይበየዳል። ሙቀት የሚችል ቀለም ከተቀባም ውጪውን ብቻ ነው፤ ውስጡን በጭራሽ። ውስጡና ፍርግርጉ በተልባ ወይም በኑግ ዘይት በስሱ ይታሹና ዘይቱ ደርቆ ጥቁር ልባስ እስኪሆን ድረስ ይጋላሉ። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል።

እንዴ! ይህንንማ እናቶቻችን ያውቁታል። አዲስ ምጣድ ሲገዙ በጎመን ዘር ያሟሹት የለም እንዴ? ሌላው ዓለም መጽሐፍ የሚጽፍለት ጥበብ እኛ ዘንድ አንዲት ቃል አላት፤ ማሟሸት። ከነማሰሻዋ ማጀት ውስጥ ስለኖረች ግን ዕውቀት ብለን አልቆጠርናትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃል ልምጣ። ይህን ብረት የሚቆርጠው፣ የሚያጥፈው፣ የሚጠግነው ሰው በድሮው አማርኛ «ባለ እጅ» ነው። እጅ ያለው ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ሙገሳ አለ? እኛ ግን ይህንንም ስድብ አደረግነው፤ ባለ እጁን ቡዳ ነው ብለን ማዕድ ለየን፣ ልጅ ከለከልነው፣ እሱ በሠራው ማረሻ እያረስን፣ እሱ በሳለው ቢላ እየቆረጥን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ሠራተኛ በሙያው የሚሰድበውን ሰው አጥብቀው ገሥጸዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ «ቡዳ» የሚለው በአደባባይ ቀንሶ ይሆናል፤ «የቁራሌ ዕቃ» የሚለው ግን ሥራውን ተረክቦ ቀጥሏል።

ልብ በሉ፣ አገልግሎት ብቻውን አያሳፍረንም። የአዲስ አበባን መንገድ የሞሉት ቶዮታዎች ስንቶቹ ባሕር ማዶ ያገለገሉ ናቸው? «ዱባይ የተነዳ ነው» ሲባል ዋጋው ይወጣል እንጂ አይወርድም። እንግዲህ የሚያሳፍረን የእኛ ሰው ያገለገለበት፣ የእኛ ባለ እጅ የጠገነው ነው ማለት ነው።

ባለ ቪላው በውድ የሚያስመጣው ድቡልቡል ባለ ክዳን መጥበሻስ ከየት መጣ? በ1952 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ ቺካጎ አካባቢ፣ ዌበር በሚባል ቤተሰብ የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት ይሠራ የነበረ ጆርጅ ስቲቨን የተባለ ሰው ነው የፈጠረው። ድርጅቱ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ የብረት ምልክት ይሠራ ነበርና ለዚያ የሚሆነውን ድቡልቡል ብረት ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ማንደጃ ሌላውን ክዳን አደረገው። ሰውየው ያደረገው የምናለሽ ተራን ሥራ ነው። ልዩነቱ እዚያ ስም ተለጥፎበት በዓለም ዞረ፤ እዚህ የሠሪው ስም አይጠየቅም። በርሜል ሰንጥቆ ማጠፊያ የበየደው ወጣት ስም የትኛው መጥበሻ ላይ አለ?

«ይህን የሚለው በአዲስ ዕቃ ያደገ ሰው ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የታላቅ ወንድሙን ጫማ፣ የአጎቱን ኮት እየለበሰ፣ ሰልባጅ እያማረጠ ያደገ ሰው አንድ ቀን የራሱን ካርቶን መክፈት ቢያምረው እኔ አልፈርድበትም። ለብዙው ወገናችን ያገለገለ ዕቃ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ ችግርን እንደ ውበት ማወደስም ነውር ነው። እኔ የምናገረው ምርጫ ላለው ሰው ነው። ወፍራሙንና ስሱን ላሜራ መለየት የተወ ሰው ሌላም ነገር መለየት ይተዋል። ዛሬ መጥበሻውን፣ ነገ በሩን፣ ከነገ ወዲያ ቤቱን ራሱን በቀለሙ ይገዛል። ከተማችን በቀለም የተገዛ ነገር አላነሳትም።

እና መስከረም ላይ የመጥበሻችሁ ታች ቀዳዳ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ቁራሌው ከመድረሱ በፊት ወደ አንድ በያጅ ውሰዱት። ዋጋ ተከራከሩ፤ ወጉ ነው። ሲጨርስ ግን ስሙን ጠይቁት። እንግዶቻችሁ «ከየት ገዛችሁት?» ሲሏችሁም ድምፃችሁን ሳትቀንሱ ንገሯቸው፤ ያገለገለ ነው፣ እገሌ የሚባል ባለ እጅ ነው ያደሰው።