ሪፋምፒሲን፦ በግማሽ የቀረ ትምህርት

ስለ ሪፋምፒሲን በሚዘጋጁ የማስተማሪያ ጽሑፎች ዘንድ ጎልቶ የሚታየው አንድ ገጽታ ብቻ ነው። መድኃኒቱ የቲቢ ባክቴሪያን አር.ኤን.ኤ. ፖሊሜሬዝ የተባለ ኤንዛይም ይገታል፤ ከጂኖቹ የአር.ኤን.ኤ. ቅጂ መዘጋጀቱ ይቋረጣል፤ ባክቴሪያውም ይሞታል። ገለጻው ትክክል ነው፤ ጉድለቱ እዚያው ላይ ማብቃቱ ነው።

ይኸው መድኃኒት በሰው ጉበት ሕዋስ ውስጥ ተቃራኒ ውጤት አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታወቀው ፒ.ኤክስ.አር. የተባለ ተቀባይ ፕሮቲን ከሪፋምፒሲን ጋር ሲጣመር፣ ሲ.ዋይ.ፒ.3ኤ4 ለተባለው ኤንዛይም መሠረት የሆነው ጂን በብዛት እንዲቀዳ ያደርጋል። ኤንዛይሙ ሲበዛ ሌሎች በርካታ መድኃኒቶች ከደም ቶሎ ይወገዳሉ።

የጉድለቱ ዋጋ በሕሙማን ላይ ይታያል። የቲቢ ሕክምና የጀመረች ሴት የወሊድ መከላከያ ክኒኗን አንድም ቀን ሳታቋርጥ ልትፀንስ ትችላለች። ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ውስጥ ላለበት ሕመምተኛም 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር በቀን 1 ጊዜ አይበቃውም፤ 2 ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ሪፋምፒሲን ከቆመ በኋላም ይህ ተጽዕኖ ለ2 ሳምንት ያህል ይቆያል።

ኤንዛይም መግታትንና የጂን ቅጂ ቁጥጥርን በማይገናኙ ምዕራፎች ለያይቶ ማስተማር ሐኪሙን ለፈተና ያበቃው ይሆናል፤ ለማዘዣ ወረቀቱ ግን አያበቃውም። ሁለቱ በአንድ ክኒን ውስጥ ተገናኝተዋልና በአንድ ትምህርት ይቅረቡ።