አበባውን ሳይሆን ሥሩን

ኦርኪድ ያለበት ቤት የገባ እንግዳ ዓይኑ የሚያርፈው አበባው ላይ ነው። እኔ የባለቤቱን እጅ መመዘን ስፈልግ መትከያውን አንስቼ ሥሩን አያለሁ። የመጀመሪያው አበባ የሻጩ ነው፤ ተክሉ ሲገዛ አብቦ ነበርና። ባለሙያው የሚታወቀው ያ አበባ ረግፎ ሲያበቃ ነው።

አዲስ አበባ፣ ለቡ ሙዚቃ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ ኦርኪዳቸው በየዓመቱ እንዲያብብ ያደርጋሉ። ዓይነቱ ፋሌኖፕሲስ ነው፤ የትውልድ አገሩ የእስያ ሞቃት ደን። እዚያ አፈር አይነካም፤ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ሥሩን የሸፈነው የሞቱ ሴሎች ንብርብር ዝናብ ሲመጣ ውሃውን ይመጠዋል። ሲደርቅ ብርማ ይሆናል፣ ሲርስ ወዲያው አረንጓዴ። ጎረቤቴ የተከሉት ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ውስጥ ስለሆነ ይህን ቀለም ከውጭ ያነባሉ። በሳምንት ይህን ያህል ቀን የሚል ደንብ የላቸውም።

አንድ ቀን ሥሩ ገና አረንጓዴ ሳለ «እትዬ፣ አይጠማውም?» አልኳቸው።

«ተወው ልጄ፣ ሲጠማው ራሱ ይነግረኛል» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

መትከያው ውስጥ ያለው ግንበኛ የሚያውቀው ሬድ አሽ፣ የታጠበ ከሰልና የጥድ ቅርፊት ነው። ሬድ አሹ ተነፍቶ አውራ ጣት ጫፍ የሚያህለው ብቻ ቀርቷል፤ ዱቄቱ ታጥቦ ሄዷል። ዱቄት በጠጠሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይሞላና ሥሩን አየር ያሳጣዋል። በአዲስ አበባ ቤቶች ኦርኪድ የሚሞተው በጥማት ሳይሆን በመታፈን ነው ብዬ አምናለሁ። ደግ ሰው በየቀኑ ውሃ እያጠጣ ይገድለዋል።

ተክሉ ትንሽ ዘመም ብሎ ነው የተተከለው። ሻጮች ለመልክ ሲሉ ቀጥ አድርገው ያቆሙታል፤ ዛፍ ላይ ሳለ ግን ወደ ጎን ስለሚንጠለጠል በቅጠሎቹ መሃል ውሃ አይጠራቀምበትም። እሳቸው የሚያጠጡት ጠዋት ነው። ከታች እስኪንጠባጠብ ያጠጡታል፣ ከዚያ ልቡ ላይ የቀረችውን ጠብታ በጥጥ ያነሷታል። የለቡ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ ያች ጠብታ ካደረች ልቡ ሊበሰብስ ይችላል።

ስለ ፀሐዩም ጠንቃቃ ናቸው። አውሮፓ ውስጥ የተጻፈ መመሪያ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል እንዳለች አድርጎ ያስባል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በበጋ ወደ ደቡብ ትዞራለች። እሳቸው የመረጡት የምሥራቁን መስኮት ነው፤ የጠዋቱ ለስላሳ ብርሃን ይገባል፣ የቀትሩ ሐሩር አያገኘውም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጣ ማታ ማታ ከመስታወቱ ያርቁታል።

ይሁን እንጂ ብርዱ ውለታም አለው። የሆላንድ አምራቾች ተክሉን ቅጠል እስኪያወጣ 28 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ያቆዩታል፣ ከዚያ ወደ 19 ወይም 20 ዝቅ አድርገው የአበባ ዘንግ እንዲያወጣ ያስገድዱታል። ለቡ ውስጥ ይህን ማቀዝቀዝ ሌሊቱ በነፃ ይሠራዋል። በምትኩ ቅጠሉ የሚያድገው እየተንቀረፈፈ ነው፤ መታገሥ ያስፈልጋል።

ዘንጉ ብቅ ካለ በኋላ ያለው ሥራ ነው በጣም የሚማርከኝ። በመትከያው ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረች አንዲት ጭረት አለች። ለማጠጣት ባነሱት ቁጥር ጭረቷን ወደ መስኮቱ አዙረው ይመልሱታል። የኦርኪድ እምቡጥ ሲያድግ ግማሽ ዙር ይጠመዘዛል፤ ከንፈር የምትባለው የአበባ ቅጠል ከታች የምትመጣው በዚህ ነው። መትከያው ዛሬ ወዲህ ነገ ወዲያ ከዞረ አበቦቹ ፊታቸውን ይለያያሉ። የእሳቸው ግን በሁለት ረድፍ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በሰልፍ እንደቆሙ ተማሪዎች ናቸው። ዘንጉ ከቀጭን እንጨት ጋር በጥጥ ክር ታስሯል፤ ክሩ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ስላለው አያንቀውም። ቋጠሮው ከኋላ ነው፤ ካልፈለጉት አይታይም።

ቡና ሲፈላ ኦርኪዱ ከሳሎን ይወጣል። እንግዶች ይስቃሉ፣ እሳቸው ግን ያወጡታል። ጢስም የበሰለ ሙዝም ኤትሊን የተባለ ጋዝ አላቸው፤ እምቡጥ ይህን ሲያገኝ ሳያብብ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል።

አበባው ሲያልቅ ቢላውን በእሳት ለብልበው ዘንጉን ይቆርጣሉ። ብዙ ሰው ከሦስተኛው አንጓ በላይ መቁረጥ ይወዳል፤ ቶሎ ሌላ ቅርንጫፍ ያወጣልና። እሳቸው ቅጠሉ የላላ እንደሆነ ከግርጌው ነው የሚቆርጡት፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። የደከመ ተክል መጀመሪያ ማገገም አለበት።

የእኛም ደኖች ዛፍ ላይ የሚኖሩ ኦርኪዶች አሏቸው። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመው የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት 6ኛ ቅጽ ይዘረዝራቸዋል፤ ሰብስቤ ደምሰው፣ ፊሊፕ ክሪብና ፊን ራስሙሰንም በ2004 እ.ኤ.አ. የመስክ መመሪያ አውጥተውላቸዋል። ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የተባለውን ነጭ፣ ጅራተ ረጅም፣ ማታ የሚሸት አበባ ለሳይንስ የገለጸው ፈረንሳዊው አሺል ሪቻርድ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከዚሁ ከአገራችን በተወሰደ ናሙና።

ደን ውስጥ ካገኛችሁት ፎቶ አንሱትና ተዉት፤ የኦርኪድ ዓለም አቀፍ ንግድ በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ለቤታችሁ ከፈለጋችሁ በችግኝ ጣቢያ የተባዛውን ግዙ፤ ከመክፈላችሁ በፊትም መትከያውን አንስታችሁ ሥሩን እዩ። ጠንካራና ብርማ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ውሰዱት፤ ቡናማና ልል ከሆነ አበባው የቱንም ያህል ቢያምር ለሻጩ መልሱለት።